አንዲት ማታ ለልጆቻችን

የመንግሥት ሹም ለባለጉዳይ የሚቀጥረው ቀን አለው። ነጋዴም ዕቃው የሚገባበትንና ዕዳው የሚከፈልበትን ቀን በመዝገብ ጽፎ ይይዛል። በዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ ለገዛ ልጆቹ የተመደበ ሰዓት ፈልጎ የሚያገኝ አባት ግን ጥቂት ነው። ይህም ልጆቹን ስለማይወድ አይደለም፤ የሚደክመው ለእነርሱ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ጧት ሲወጣ ተኝተው የሚተዋቸው፣ ማታ ሲመለስም ተኝተው የሚያገኛቸው አባት ለልጆቹ እንጀራ ሰጠ እንጂ ራሱን ሰጠ ለማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎች ላሳስብ የምፈልገው ቀላል የሚመስል ጉዳይ ነው። ይኸውም ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ በየሳምንቱ አንዲት ማታ ለይቶ፣ አስቀድሞ አስቦና አዘጋጅቶ፣ በገዛ ቤቱ ከልጆቹ ጋራ እንዲያመሽ ነው። ነገሩን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በካርቱም ከተማ በሥራና በስደት ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን መካከል ሆኜ፣ በመጀመሪያ በራሴ ጥፋት፣ ኋላም በሌሎች ብልኅነት የተማርሁት ነው።

«አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ዕቅድ መቼ ያውቁ ነበር?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አያውቁም ነበር፤ አያስፈልጋቸውምም ነበር። በአገር ቤት ከብቱ ከገባና እሳቱ ከነደደ በኋላ ልጆች በምድጃው ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ አያት ተረቱን ትጀምራለች፤ አጎት እንቆቅልሹን ይጥላል፤ እናት ቆሎውን እየቆላች ታዳምጣለች። ማንም ሳያዝዘው ማታው በየዕለቱ ራሱን ያዘጋጅ ነበር። በከተማ፣ ይልቁንም በሰው አገር ከተማ፣ አያት ሩቅ ናት፤ አባት በሱቅ ወይም በቢሮ ያመሻል፤ እናትም ብዙ ጊዜ ከቤት ውጭ ትሠራለች። ምንጭ በደጁ የነበረ ሰው የውሃ ማጠራቀሚያ አያሻውም፤ ከምንጩ ሲርቅ ግን እንስራ መግዛት አለበት። እንደዚሁም ልማድ በነፃ ይሰጠን የነበረውን ነገር፣ ልማዱ ሲቀር በሐሳብና በዝግጅት መተካት ግድ ይሆናል።

ካርቱም ከጣና የሚወጣው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋራ የሚገናኝባት ከተማ ናት። በጀሬፍ፣ በደይምና በሰሓፋ ሠፈሮች ጦርነት፣ ረኀብና የሥራ ማጣት ከየአገሩ ያመጣቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለብዙ ዓመታት ተጐራብተው ኖረውባታል። ወንዱ በጋራዥ፣ በምግብ ቤትና በንግድ፣ ሴቲቱም በሰው ቤት ሥራ ወይም በመንገድ ዳር ሻይና ቡና በመሸጥ ቤቷን ትረዳ ነበር። በዚያ አገር የሥራው ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀኖች ናቸው። በበጋው ጫፍ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ ብዙው ሱቅ በቀትር ይዘጋና ፀሓይ ስታዘቀዝቅ እንደ ገና ይከፈታል። እንግዲህ ለነጋዴውም ለሻይ ሻጯም ዋናው ሰዓት ማታ ነው ማለት ነው። ልጆቹ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋራ በዐረብኛ ተጫውተው፣ በዐረብኛ ተጣልተውና ታርቀው፣ ወላጆቻቸው ሳይመለሱ ይተኛሉ።

በዚህ ነገር ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። እንጀራዬ ትርጕም ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰውን ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስመልስ እውላለሁ። አንድ ቀን እንደ አጋጣሚ በጊዜ ገብቼ አምስት ዓመት የሆነውን ልጄን ወደ እኔ ጠርቼ በአማርኛ አንድ ነገር ነገርሁት። ልጁ ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ ወደ እናቱ ዞሮ፣ በዐረብኛ «አባባ ምን አለ?» ሲል ጠየቃት። ባለቤቴም ተረጐመችለት። የሰው ሁሉ አስተርጓሚ የነበርሁት ሰው ከገዛ ልጄ ጋራ ለመነጋገር አስተርጓሚ አስፈለገኝ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩን ለማቃናት በመጀመሪያ የወሰድሁት ርምጃ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነበር። እንደ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ፕሮግራም ጽፌ፣ የፊደል ገበታ በግድግዳው ሰቅዬ፣ ሐሙስ ማታ ልጆቹን በተራ አስቀምጬ ስለ አገራቸው ታሪክ ንግግር አደረግሁላቸው። ታናሺቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተኛች፤ ታላቁም በሩን በሩን ያይ ጀመር። ባለቤቴ ንግግሬ እስኪያልቅ ታግሣ ከቈየች በኋላ፣ «ልጆቹ እኮ ባለጉዳዮች አይደሉም» አለችኝ። ይህ ቃል ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ አስተማረኝ።

በሠፈራችን አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበረ። ይህ ሰው ሐሙስ ሐሙስ ገበያው በሚደራበት በ12 ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይገባ ስለ ነበር ባልንጀሮቹ ይሥቁበት ነበር። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «የሰው ዕዳ ቀኑ ቢያልፍ ተለምኖ ይራዘማል፤ የልጅ ዕዳ ግን ቀኑ ካለፈ ልክፈል ብትልም ተቀባዩን አታገኘውም፤ አድጎ ሄዷል» አለኝ። ከዚህ ሰውና ከባለቤቱ የተማርሁትን፣ እኔም በቤቴ ፈትኜ የተጠቀምሁበትን ከዚህ ቀጥዬ እገልጻለሁ።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቀኑን መቍረጥ ነው። «ሲመቸኝ» የተባለ ማታ ከቶ አይመጣም። በካርቱም ሐሙስ የተመረጠው በማግሥቱ ሥራም ትምህርትም ስለሌለ ነው፤ በሌላ አገር ያለ ሰው ዓርብን ወይም ቅዳሜን ሊመርጥ ይችላል። ሰዓቱም ለልጆቹ እንጂ ለአባት እንዲመች ሆኖ መወሰን የለበትም። ትንንሽ ልጆች ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይደክማሉ፤ የደከመ ልጅም ይነጫነጫል እንጂ አይጫወትም። ስለዚህ በ12 ሰዓት ተጀምሮ በ2 ሰዓት ቢያበቃ የተሻለ ነው። ጨዋታው ሳይጠገብ ቢያቆም ልጆቹ የሚመጣውን ሳምንት ይናፍቃሉ።

ሁለተኛው ነገር ዝግጅቱን ከልጆች ጋራ መካፈል ነው። ብዙ ወላጆች ሁሉን ነገር አዘጋጅተው ልጆቹን እንደ እንግዳ ይጠሯቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ማንኪያ ማቀበል ይችላል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ የማታውን እንቆቅልሽ እንዲመርጥ ሹመት ቢሰጠው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብበት ይሰነብታል። ልጅ የደከመበትን ነገር ይወደዋል፤ ያልደከመበትን ግን እንደ ተገዛ መጫወቻ ሁለት ቀን አይቶ ይጥለዋል።

ስለ ምግቡ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ግን ለወንዶች አንድ ቃል ልናገር። አባት «ዛሬ የልጆች ማታ ነው» ብሎ ዐውጆ ወጡን፣ ዕቃ ማጠቡንና ቤት መጥረጉን ሁሉ በእናት ላይ ከጫነ፣ ማታው የእርሷ ተጨማሪ የሥራ ሰዓት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በፀሓይ ሻይ ስትሸጥ የዋለች ሴት ሌላ ግብዣ እንድታሰናዳ መጠየቅ ግፍ ነው። ስለዚህ ምግቡ ልጆችና አባት አብረው የሚሠሩት ቀላል ነገር ይሁን፤ ቂጣ ተጋግሮ በቅቤና በበርበሬ ቢፈተፈት፣ ፈንዲሻ ቢፈነዳ፣ ቆሎ ቢቈላ በቂ ነው። በካርቱም ከማሽላ የሚጋገረውን ስስ ኪስራ ከጎረቤት ተቀብለው ከእኛ ሽሮ ጋራ የሚያቀርቡ ቤቶች ነበሩ፤ የአበባው ከርከዴም በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ለልጆች ይሰጥ ነበር። ቡናውን አባት ቢያፈላ ደግሞ ልጆቹ በሣቅ ይሞታሉ፤ ይህም ራሱ አንድ ጨዋታ ነው።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። በካርቱም በሙቀት ወራት መብራት ደጋግሞ ይጠፋ ነበር፤ እኛም በመጀመሪያ ይህን እንደ ዕንቅፋት እንቈጥረው ነበር። በኋላ ግን መብራት የጠፋባት ሐሙስ ከሁሉ የበለጠች ሆና አገኘናት። አልጋዎቹ ወደ ግቢው ይወጣሉ፤ ፋኖስ ይበራል፤ በግድግዳው ላይ በእጅ ጥላ ውሻና ወፍ ይሠራል፤ ልጆቹም ወደ መካከል ይጠጋሉ። በዚህ ምክንያት መብራት በነበረባቸው ሐሙሶችም አምፖሉን እያጠፋን ፋኖስ ማብራት ጀመርን። የእጅ ስልኮችም በአንድ ቅርጫት ተሰብስበው በጓዳ ይቀመጣሉ፤ ከሁሉ በፊት ስልኩን ማስቀመጥ ያለበትም አባት ነው።

የማታው ልብ ግን ጨዋታው ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስ ለልጅ ታላቅ ደስታ ነው፤ ምክንያቱም ገና ታሪኩ ሳይጀመር እርሱም የታሪኩ ባለቤት ይሆናል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው፤ ያላወቀው ወገን «አገር ስጠኝ» ሲባል ከተማ መስጠት አለበት። የእኔ ልጆች ጎንደርን፣ ምፅዋን፣ ሐረርንና ጅማን ያወቁት እየተሸነፉ ሲሰጡና እያሸነፉ ሲቀበሉ ነው፤ በግድግዳ የሰቀልሁት ገበታ ግን አንዱንም አላስተማራቸውም። መሬቱ ላይ ጉድጓድ ቈፍሮ በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣም ሒሳብን ያለ ቍጣ ያስተምራል።

ተረት አላውቅም የሚል አባት ቢኖር አይፈር። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ቢያርፉም፣ እርሳቸውን እየሰማ ያደገ ሰው ሁሉ ሁለትና ሦስት ተረት ከልቡ አያጣም። ልጅ ደግሞ አዲስ ተረት ብቻ አይሻም፤ የሚያውቀውን ተረት ደጋግሞ መስማት ይወዳል፤ አንድ ቃል ብትለወጥበትም «እንዲህ አይደለም» ብሎ ያርማል። በዚያን ጊዜ አባት ሊቈጣ አይገባውም፤ ቋንቋው ከልጁ ልብ መግባቱን የሚያውቀው በዚህ እርማት ነውና።

ሱዳኖችም በዚህ ከእኛ አያንሱም። አያትን «ሐቦባ» ይሏታል፤ ማታ በግቢ ተቀምጣ ለልጅ ልጆቿ የምትነግረውን ተረት ታላቁ ሊቅ ፕሮፌሰር ዐብዱላህ አጥ-ጠይብ ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመውታል። ውቢቱን ፋጢማንና ጭራቁን የሚናገረውን ተረት የማያውቅ የሱዳን ልጅ አይገኝም። እንግዲህ በሰው አገር የሚያድግ ልጅ የጎረቤቱን ተረት ሲሰማ ወላጅ ሊከፋው አይገባም። የሚያሳዝነው የጎረቤቱን እያወቀ የራሱን ያላወቀ እንደ ሆነ ነው። ሁለቱን የያዘ ልጅ ግን ባለ ሁለት ርስት ነው።

እንግዳ ቢመጣስ? በልማዳችን እንግዳ ከደጅ አይመለስም። በዚያ አገርም በረመዳን ሱዳኖች ምንጣፋቸውን በመንገድ ላይ አንጥፈው አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ ያስፈጥራሉ፤ በዚህ መካከል እየኖሩ በር መዝጋት ነውር ነው። ያ ነጋዴ ወዳጄ ያወጣው ሕግ መልካም ነበር፤ ሐሙስ ማታ የሚመጣ እንግዳ ስለ ዋጋና ስለ ፖለቲካ አይናገርም፤ አንድ ተረት ወይም አንድ እንቆቅልሽ ከፍሎ ይቀመጣል። በዚህ ቀረጥ ምክንያት ከመምጣት የቀረ እንግዳ አልነበረም፤ እንዲያውም በዛ።

ወንዙንም ለጨዋታ ተጠቅመንበታል። ክረምት ሲገባ የእኛ ዓባይ የደጋውን አፈር ይዞ ደፍርሶ ይመጣል፤ በኃይሉም ነጩን ዓባይ ወደ ኋላ ይገታዋል፤ ሁለቱ ውሆች ከቱቲ ደሴት አጠገብ ቀለማቸው ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያሉ። ለልጆቼ፣ «ይህ ውሃ ከጣና ተነሥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ነው እዚህ የደረሰ፤ ይህም ቡናማ መልኩ የአገራችሁ አፈር ነው» አልኋቸው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውንም ምሳሌ ነገርኋቸው። ታላቁ ልጄ ጥቂት አስቦ፣ «እንደ አንተ ማለት ነው?» አለኝ። ልጅ ነውና ስለ ስደት ይሁን ስለ ሥራዬ መናገሩ እንደ ሆነ አልተለየም፤ ለሁለቱም ግን እውነት ነበር።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን የትንሣኤ ዋዜማ ነበር። የሃምሳ አምስቱ ቀን ጾም ሊፈታ አንዲት ሌሊት ቀርታው፣ በወገኖቻችን ቤት ሁሉ ዶሮው ተገዝቶ፣ ዳቦው ተቦክቶ፣ ለልጆች ልብስ ተዘጋጅቶ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችም የረመዳንን የመጨረሻ ቀኖች ይዘው ለዒድ ይሰናዱ ነበር። ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ በሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ኃይል መካከል ውጊያ ተጀመረ። አውሮፕላን ማረፊያው በከተማው መካከል ስለ ሆነ እሳቱ በሠፈሮች ላይ ወረደ። መብራትና ውሃ በብዙ ሠፈር ተቋረጠ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድም የማይታሰብ ሆነ። ለዚያች ሌሊት ታስቦ የነበረው ሁሉ በአንድ ጧት ፈረሰ።

በዚያው ሳምንት፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ ከመስኮት ርቀን በመተላለፊያው ላይ ተቀምጠን ሳለን ታላቁ ልጄ ተነሥቶ ፋኖሱን አመጣ። «ምን ልትሠራ ነው?» ብለው፣ «ዛሬ ሐሙስ ነው» አለኝ። እኔ ቀኑን ረስቼው ነበር። ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። የእነርሱ ቤት ለመንገዱ የተጋለጠ ስለ ነበረ ከእኛ ዘንድ የተጠጉ አንዲት አረጋዊት ጎረቤት ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ አብረውን ነበሩ። ልጄ እንቆቅልሹን በአማርኛ ለእኅቱ ይጥላል፤ ወዲያው ወደ ሐቦባ ዞሮ ያንኑ በዐረብኛ ይመልስላቸዋል፤ እርሳቸውም ሲሸነፉ ከሱዳን ከተሞች አንዷን ይሰጡታል። ኦምዱርማንን፣ ከሰላንና ሰናርን በዚያች ማታ ወሰደባቸው። ውጭ ይሰማ የነበረውን ድምፅ ልጆቹ አልሰሙም አልልም፤ ሰምተዋል። ነገር ግን የሚያውቁት ሥርዐት በእጃቸው ስለ ነበረ ሁለት ሰዓት ያህል የሚይዙት ነገር አላጡም። በዚያች ቤት አስተርጓሚ የነበረው እኔ አልነበርሁም።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች በገዳሪፍና በገላባት በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ወደ መተማ ወጡ፤ ሌሎች ወደ ፖርት ሱዳን፣ ሌሎችም ወደ ሌላ አገር ተበተኑ። የሱዳን ጦር በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር ቤተ መንግሥቱንና የከተማውን መካከል መልሶ ያዘ፤ ነገር ግን ካርቱም የቀድሞዋ ካርቱም አይደለችም፤ ከቤቱ የወጣም ሰው ጥሎት የሄደውን ዕቃ አያገኘውም። የዕድሜ ልክ ድካም የነበረው ሱቅ፣ መኪና፣ ፍሪጅና ምንጣፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀረ። እኛም ይዘን የወጣነው ጥቂት ልብስና ወረቀት ነው። ሐሙስን ግን ማንም ሊዘርፈን አልቻለም፤ በመተማ መንገድ ላይም በአንድ ሻይ ቤት ወለል ላይ አሳልፈናታል።

እንግዲህ ለተከበራችሁ ሹማምንትና ነጋዴዎች የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም፤ የአንድ ሳምንት ፈንዲሻና የፋኖስ ጋዝ የማንንም በጀት አያናጋም። የምጠይቀው ጊዜ ነው፤ እርሱም ከሰባቱ ማታዎች አንዱን፣ ከአንዱም ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሹሙ ፋይሉን በማግሥቱ ያገኘዋል፤ ነጋዴውም በዚያች ምሽት ያልሸጠውን ዕቃ በሌላ ምሽት ይሸጠዋል። ጦርነት እስኪመጣና ቤት እስኪፈርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልጅ በሰላሙም አገር ቢሆን በየቀኑ እያደገ ከእጅ ይወጣል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የጨረሰ አባት ነገ በቀጠሮ መዝገቡ ላይ አንዲት ማታ መርጦ የልጆቹን ስም ይጻፍባት፤ ቀኒቱንም ለልጆቹ ይንገራቸው። አንድ ጊዜ ከነገራቸው በኋላ እርሱ ቢረሳ እነርሱ አይረሱም።